የወሊድ ፈቃዴን ስለ መመለስ

ለዩኒቨርሲቲያችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባልደረቦችዎን፣ እንዲሁም ቀን ከሌት የሚደክሙትን ሰርቨሮችዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ ሃምሳ ስምንተኛ ዓመቴን የያዝኩት የሎጂክ መምህር፣ የሰጡኝን የአራት ወር የወሊድ ፈቃድ በመልካም ሁኔታ ጀምሬያለሁ። ሐኪም ባያየኝም እስካሁን የሚያሰጋ ምልክት የለብኝም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው እርስዎን ለመክሰስ አይደለም፤ ጥፋቱ ከሥር እስከ ጫፉ የእኔ ነው። ነገር ግን ጥፋቴን ላርም ስሯሯጥ መሥሪያ ቤትዎ እንዴት አድርጎ እንዳስተናገደኝ ሳልመሰክር ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ።

አንደኛ፣ ስለዚያች ትንሽ ሳጥን። በአንድ የይለፍ ቃል ኢሜይሉንም፣ ውጤት ማስገቢያውንም፣ ቤተ መጻሕፍቱንም፣ የፈቃድ መጠየቂያውንም የሚከፍተውን አዲሱን ሥርዓት ያመጡልን ቀን ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በፊት የነበሩኝን ስድስት የይለፍ ቃሎች በብጣሽ ወረቀት ጽፌ የመነጽሬ ማኅደር ውስጥ አኖራቸው ነበር፤ መነጽሬን የትም ጥዬ እንደምሄድ ደግሞ ሕንጻው በሙሉ ያውቃል። ታዲያ አንድ ቀን ከኬሚስትሪ ላቦራቶሪው ጋር በምንጋራው የፎቶ ኮፒ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ፈተና ላትም ስገባ፣ ከይለፍ ቃሉ ሥር «ገብቼ ልቆይ» የምትል ሳጥን አየሁና ምልክት አደረግኩባት። በቤቴ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ማንም ምንም አይለኝም። እኔ ግን በቀን አሥር ሰው በሚፈራረቅበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ልቆይ አልኩ። ለሃያ ስድስት ዓመት ተማሪዎቼን ከመደምደማችሁ በፊት መነሻችሁን መርምሩ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሥራዬን ስጨርስም አልወጣሁም። መስኮቱን ዘጋሁትና የወጣሁ መሰለኝ። መስኮት መዝጋትና «ውጣ» የሚለውን ነክቶ መውጣት የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሁሉን በአንድ ቃል የሚከፍት ሥርዓትም ሳይዘጉት ሲሄዱ ሁሉንም ክፍት አድርጎ እንደሚያድር በሥልጠናዎ ላይ ደጋግመው ነግረውን ነበር። እኔ ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ፈተና አርም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ እርግዝናዬ። በማግስቱ የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን የወሊድ ፈቃዷን ልትጠይቅ እዚያው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ገጹ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ አስገባት። አዲሱ ሥርዓት አንዴ ያወቀውን ሰው ደግሞ አይጠይቅም ተብላ ስለነበር፣ አወቀኝ ብላ ደስ አላት። የእኔ ስም የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል ጥግ ላይ ተጽፏል፤ ቅጹም ስም አይጠይቅም፣ ከአካውንቱ ራሱ ይሞላል። ቀኑን መረጠች፣ የሐኪሟን ወረቀት አያያዘች፣ ላከች። በሩብ ሰዓት ውስጥ ጸደቀ። ባለፈው ዓመት የወገብ ሕመም ፈቃዴን አምስት ሳምንት የመረመረው ተቋም፣ በሴት ስም የተጻፈ የሐኪም ወረቀት ይዞ ለአንድ ሽማግሌ የወሊድ ፈቃድ ለመስጠት ሩብ ሰዓት በቅቶታል። ለዚህ ቅልጥፍና ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ፣ አካውንቴ «በፈቃድ ላይ» ስለሚል የተማሪዎቼን ውጤት ማስገባት አልቻልኩም። የሥራ ባልደረቦቼ ኮሪደር ላይ በሰላም ያገላግልህ እያሉኝ ያልፋሉ፤ እኔም አሜን እላለሁ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። ሦስት ልጆቻችንን ስትወልድ ሦስት ቀን እንኳ ፈቃድ ያልጠየቅኩ ሰው በስተርጅና አራት ወር እንደተሰጠኝ ስነግራት፣ ሳህኗን ማጠቧን ቀጠለች። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

አራተኛው ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ቴክኒሺያኗ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ፈቃዷ ባለፈው ሰኞ መጀመር ነበረበት፤ መዝገቡ ግን ስሟን አያውቅም። ብትቀር ሥራዋን ጥላ እንደሄደች ይቆጠርባታል ተብላለች፤ ምትክም አልተመደበም። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ስላላት በነጠላ ጫማ ቆማ፣ የአሲድ ጠርሙስ ከመደርደሪያ ታወርዳለች። ነገሩ የገባት ቀን የቢሮዬ በር ላይ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመችና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፈቃዴ እርስዎ ጋ ሳይመጣ አልቀረም» አለችኝ። ጥፋተኛው እኔ ሆኜ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሁለታችንም ደጅ ጠናን። የሰው ሀብት ክፍል የሥርዓቱ ጉዳይ ነው ብሎ ወደ እርስዎ ላከን፤ የእርስዎ ቢሮ ደግሞ በአካውንቱ የተደረገ ሁሉ የአካውንቱ ባለቤት ነው ብሎ መለሰን። ፈቃዱን ልተወው ስል፣ የወሊድ ፈቃድ የሚሰረዘው እናትየዋ ለሥራ ብቁ መሆኗን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ሲቀርብ ብቻ እንደሆነ በትሕትና ተገለጸልኝ። የማህፀን ሐኪም ዘንድ ተራ ይዣለሁ። ተራውን እስክትሰጠኝ የሐኪሙ ጸሐፊ ስልኩን ሁለት ጊዜ ዘግታብኛለች።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ፈቃዱ ለሚገባት ሴት በዚህ ሳምንት ይዛወርላት፤ ልጁ የእናንተን ስብሰባ አይጠብቅም። እኔን እንደወደዱ ይቅጡኝ፤ በሚቀጥለው ሥልጠና ፊት ለፊት አስቁመው መማሪያ ቢያደርጉኝም ቅር አይለኝም።

ገብቶ መውጣት ያቃተው፣ ሆዱም አልገፋ ያለው፣ ለክብርዎ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳ
በወሊድ ፈቃድ ላይ የሚገኘው የሎጂክ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ በዚያው የፎቶ ኮፒ ክፍል ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ገጹ የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም። ዛሬ መነጽሬን አድርጌ ስለነበር ጥግ ላይ ያለውን ስም አነበብኩት፤ የእርስዎ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ስለ ደኅንነት ሊያሠለጥኑን መጥተው የሥልጠናውን ጽሑፍ ሊያትሙ በከፈቱበት ቀርቷል፤ ያችን ሳጥን እርስዎም ሳይነኳት አልቀሩም። ፊት ለፊቴ የቴክኒሺያኗ አቤቱታ ሳይነበብ ተቀምጧል፤ ከሥሩ «ፈቃዱን ወደ ሌላ ሠራተኛ አዛውር» የሚል ቁልፍ አለ። እጄን ማውሱ ላይ አድርጌ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ነክቼ ዘጋሁልዎ። በአካውንቱ የተደረገ ሁሉ የባለቤቱ ነው ብላችሁኛልና፣ ያን ቁልፍ አለመንካቱም ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ነው።