ፍሪጁ ሲያጓራ

ሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከሰዓት በኋላ

ለሽቦዬ፣

የላክሽልኝ ሹራብ ደርሶኛል፤ አላመሰግንሽም። አንገቱ ጠባብ ነው። ለማጥለቅ ስታገል ጎረቤቴ በመስኮት አይታኝ፣ ሰው ያነቀኝ መስሏት ልትጮህ ነበር። የአጎትሽን ጭንቅላት ረሳሽው፣ ወይስ እዚያ አገር ሰፊ አንገት አይሸጥም?

ገጹን በሹራብ ልሞላው አስቤ ነበር። አልሆነልኝም። ተናድጃለሁ፤ ባንቺም ጭምር።

እናትሽ በስልክ «ደህና ነኝ» የምትልሽ ውሸቷን ነው። ከሙአለ ሕፃናቱ ወጥ ቤት ካሰናበቷት ሦስት ሳምንት ሆናት። አሁን እኔ ጋ ናት። ኩባያዋን ለይታ ምስማር ላይ ሰቅላለች፤ የወንድምሽ ልጅ ሊስማት ሲሮጥ ፊቷን ታዞራለች። በኩባያ አይተላለፍም ብዬ መቶ ጊዜ ብነግራት፣ «አንተ ደግሞ መቼ ነው ሐኪም የሆንከው?» ትለኛለች።

ነገሩ የማሽንሽ ነው። ያ በአስር ደቂቃ ከደም ውስጥ ቫይረስ የምትለዩበት ዕቃ ክሊኒካችን ገብቷል። ለሠራተኞች ምርመራ ስትሄድ «ልጄ የሠራችው ነው» እያለች ለወረፋው ሁሉ ስታወራ ነበር አሉ። ጣቷን ሰጠች። ቀይ በራ። የጉበት ቫይረስ አለብሽ ተባለች። እንዳልነግርሽም አስምላኛለች፣ ሥራዋን ታስጠላታለህ ብላ። መሐላዬን ይኸው አፈረስኩ።

አንቺው ነሽ ያስረዳሽኝ። የቫይረሱ ዲኤንኤ በወርቅ የተለበጠችው ቁራጭ ላይ ሲጣበቅ የኤሌክትሪኩ ፍሰት በጥቂቱ ይለወጣል፣ ማሽኑ ያንን ያነባል ብለሽኛል። በጥቂቱ። አርባ ዓመት ሬድዮ ስጠግን ትንሿን ድምፅ የሚሰማ ነገር ጉርምርምታውንም እንደሚሰማ አይቻለሁ። ሄጄ ላቦራቶሪው በር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ አሮጌ የክትባት ፍሪጅ ከማሽንሽ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል። ፍሪጁ ማጓራት ሲጀምር ቀይ፤ ዝም ሲል አረንጓዴ። የላቦራቶሪዋን ልጅ ለምኜ ጠብታ ደም በሌለበት የጨው ውሃ አስሞከርኳት። ፍሪጁ ሲያጓራ የጨው ውሃውም ጉበቱን ታመመ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ቢሮ ገባሁ።

«አባባ፣ እርስዎ ሬድዮዎን ይጠግኑ» አለኝ።

«የጨው ውሃው ታሟል እኮ። መድኃኒት እዘዝለት።»

«አምራቾቹን ጠይቀን የባለሙያ ስህተት ነው ብለውናል። የተመዘገበ ውጤት ደግሞ ሦስት ወር ሳይሞላው ድጋሚ አይታይም።»

«ማሽኑን ቤቴ አምጣውና በባትሪ እንሞክረው። ካላመንከኝ ፍሪጁ ሲያጓራ የራስህን ጣት ወግተህ እየው።»

በዘበኛ አስወጣኝ።

አምራቾቹ የመለሱትን ደብዳቤ የላቦራቶሪዋ ልጅ አሳየችኝ። «የባለሙያ ስህተት» ከሚለው በታች ያለውን ፊርማ አውቀዋለሁ፤ እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ ነው። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ስትለማመጂው አጠገብሽ ነበርኩ። ስትፈርሚ እናትሽ መሆኗን አላወቅሽም፤ ይገባኛል። የሌላ ሰው እናት ብትሆንስ ኖሮ? መመሪያችሁ «ንጹሕና ደልዳላ ቦታ ላይ ያስቀምጡ» ይላል። ከማን ጋር ሶኬት እንደሚጋራ አንዲት መስመር የለውም። እዚያ ማሽን ሁሉ የየራሱ ሶኬት አለው መሰለኝ። እዚህ ሁሉም ካንድ ይጠባሉ። የላቦራቶሪዋን ልጅ «ተሳስታለች» ብላችሁ የከሰሳችኋት ምንም ሳታጠፋ ነው።

እናትሽ የተመረመረች ሰዓት ፍሪጁ ያጓራ ይሁን ዝም ያለ፣ እኔም አላውቅም። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

ኃላፊው ነው። ብቻውን። ማሽንሽን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ የግራ እጁ ጣት ላይ ጥጥ ለጥፏል። ገና ሳይገባ፣ «አባባ፣ እዚህ ቤት ፍሪጅ አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

ጥጡን ሊያነሳ ሲጣደፍ፣ «ቁጭ በል ልጄ፣ ወረፋ አለ» አልኩት። እናትሽ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነው። ልጠራት ነው።

እጅሽን ይባርከው፤ ፊርማሽን ግን ያዘግየው።

አጎትሽ

ሹራቡን ለብሼዋለሁ።