ስለ ቀበሮው ጎሬ ያልመሰከርኩልህ

ዘመሮ፣ ኅዳር 18 ቀን 1959 ዓ.ም.

ውድ ዱባለ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ የጤና ጥያቄ ይቀድማል። እኔ ግን አራት ዓመት ሙሉ ደህና እንዳትሆን ስመኝ ኖሬ ዛሬ «ጤናህ እንዴት ነው?» ብልህ እግዜርም ይታዘበኛል። ስለዚህ ወደ ነገሬ ልግባ። አባባ አረፉ። በጥቅምት መድኃኔ ዓለም ማግስት ቀበርናቸው። ይህን ደብረ ብርሃን ሆነህ ከመንገደኛ ሰምተህ ይሆናል፤ ከእኔ የምትሰማው ሌላ ነው።

እቀናብህ ነበር። አባባ የአገር ሰው መርጧቸው፣ ያለ ደመወዝ፣ የደጋውን የጋራ ሣር፣ ጓሳውን፣ ሲጠብቁ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር። አንድ ልጃቸው እኔ ነኝ፤ ወደዚያ ደጋ ሲወጡ መከተል የሚገባኝም እኔ ነበርኩ። አንተ ማን ነህ? አባትህ ከመርሐቤቴ የመጡ ሸማኔ፤ ጓሳው ተከፍቶ ሣሩ ለየዘሩ ሲከፋፈል አንዲት እስር እንኳ የማይደርስህ። ድርሻ የሌለው ሰው የሰው ሣር በነጻ ልጠብቅ ብሎ ሲመጣ ተንኮል አለው ብዬ ነበር። ተንኮል እንደሌለህ ሳውቅ ይበልጥ ጠላሁህ።

እረኞች «ቀበሮ በግ ፈጀብን፤ ጎሬውን እናፍርስ» ብለው የተነሱ ጊዜ ያደረግከውን ታስታውሳለህ? አንድ ወር ሙሉ የቀበሮ ኩስ እየለቀምክ፣ በቅጠል ቋጥረህ አምጥተህ አባባ ፊት ዘረገፍከው። «አባባ፣ ይዩት፤ የአይጥ ጠጉርና አጥንት ብቻ ነው። የበግ ጠጉር ካገኙበት እኔን ይግረፉኝ» አልክ። እሳቸውም በበትራቸው ጫፍ ሲበትኑት ቆይተው፣ «ይኸ ልጅ እኔ በሃያ ዓመት ያላየሁትን አየ» አሉ። ኩስ ነው እኮ! የአባቴን ምስጋና በኩስ ስትወስድብኝ አንጀቴ አረረ። እኔም በማግስቱ ወጥቼ ለቀምኩ። ያመጣሁት የውሻ ሆኖ ተገኘና ሁለታችሁ ስትስቁብኝ አብሬያችሁ ሳቅሁ።

ጥር 1955 ላይ ሣሩ እንዲያድግ ጓሳው ከተዘጋ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። በዝግ ዘመን ሣር የቆረጠ ማንም ይሁን ማን እንደሚቀጣ ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ቀን ስንዞር አንድ ጎሬ በዶማ ተንዶ፣ ሦስት የቀበሮ ቡችሎች ሜዳ ላይ ተጥለው አገኘናቸው። ከላይ ንስር ይዞር ነበር። አንተ አላመነታህም፤ ቢላዋህን መዘህ አንድ እቅፍ ጓሳ ቆረጥክና፣ እናታቸው መጥታ እስክትወስዳቸው ብለህ ከነጎሬው ሸፈንካቸው። ላብህን እየጠረግህ፣ «ሕግ ጣስኩ፤ እሑድ ለአባባ ራሴ እናገራለሁ። አንተ ምስክሬ ነህ» አልከኝ። «እሺ» አልኩህ።

እሺ ያልኩህ ሰው ያን ዕለት ማታውን አባባ ዘንድ ቀደምኩህ። «ዱባለ ሣር ቆረጠ» አልኳቸው። ለምን እንደቆረጥክ አልነገርኳቸውም። እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሰው ሲሰበሰብ አንተ ሳትሸሽግ ተናገርክ። «ቆርጫለሁ፤ ለቡችሎቹ ብዬ ነው። ሸዋንዳኝ አብሮኝ ነበር፣ እሱን ጠይቁት» አልክ። መምሬ ኪዳነ ወልድ መስቀላቸውን አንስተው፣ «ያየ ይናገር! አይቶ የደበቀ በጴጥሮስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን!» አሉ።

«እኔ ጎሬ የሚባል ነገር አላየሁም» አልኩ።

ከኋላ አንዱ፣ «ወትሮስ ድርሻ የሌለው ሰው እዚያ ምን ሊሠራ ይወጣል?» አለ። ፍርዱን የሰጡት አባባ ነበሩ፤ ሁለተኛ ጓሳውን እንዳትረግጥ። ሲናገሩ እኔንም አላዩኝም፣ አንተንም አላዩህም። በዚያው ሳምንት አገር ለቀህ ሄድክ። እኔም አባቴን ለብቻዬ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ግን እሳቸው መቁረብ ተዉ፣ መስቀል መሳለምም ተዉ። አንተን ናፍቀው ነው ብዬ በዚህም ቀናሁ። ባለፈው ወር ሲደክሙ እጃቸውን ይዤ ተቀምጬ ነበር፣ ስምህን እንዳይጠሩ እየፈራሁ። ጠሩት።

«ዱባለን በድለነዋል» አሉ።

«ማን ማን ሆነን?» አልኳቸው።

«እኔና አንተ። በፈረድኩበት ማግስት ወጥቼ ጎሬውን አየሁት። ሣሩ ጠውልጎ አፉ ላይ ነበር፤ የሁለታችሁም ዱካ አፈሩ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንተን በሰው ፊት ውሸታም ላድርግህ? ልጄ አይደለህም እንዴ? ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁ።»

ዱባለ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እኔን ከአንተ ቢያስበልጡኝ ብዬ ስመኝ ኖሬያለሁ። ለካ አስበልጠውኝ ነበር። አንተን ጥለው፣ ከእኔ ጋር ግዝቱን ተሸክመው ኖሩ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን የቀናሁት በተገፋ ሰው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ዘንድ አራት ዓመት አደረ።

ባለፈው እሑድ አዲስ ጠባቂ ለመምረጥ ሰው ተሰበሰበ። «የአባቱ ልጅ ነው» ብለው እኔን አነሱ። ሹመቱን እፈልገው ነበር፤ አልዋሽህም፣ አሁንም እፈልገዋለሁ። ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። መምሬ ኪዳነ ወልድ፣ «አባትህን በመቃብራቸው አሳጣሃቸው» አሉኝና ግዝቱን ፈቱልኝ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ መክረው ወሰኑ። ጓሳው ሲከፈት የእኔ ድርሻ ለአንተ ይሆናል፤ ጠባቂነቱም የአንተ ነው። ይህን ሲሉ ደስ ያለኝ እንዳይመስልህ። ሰው ሁሉ ስምህን እያነሳ ሲያመሰግን ያ የድሮው ቅናት ተነሳብኝ። መልእክቱን ማን ያድርስ ሲባል ግን እኔ እጽፋለሁ አልኩ።

ከምንጩ በላይ፣ አስታ በሚባለው ቁጥቋጦ ውስጥ አዲስ የቀበሮ ጎሬ አለ። ለማንም አላሳየሁም። ለአንተ አስቀምጬልህ ነው ብልህ ያምርብኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ከአንተ በፊት እኔ እንዳየሁት እንድታውቅልኝ ነው።

እንግዲህ ና። ስትመጣ ሰው ሁሉ አቅፎ ይቀበልሃል፤ ወደ አባባ መቃብርም ሊወስዱህ ይሻማሉ። እሺ እንዳትላቸው። መጀመሪያ እኔ ቤት ግባ፣ ፊት ለፊቴ ቆመህ የምትሰድበኝን ስደበኝ። ከዚያ አባባ ዘንድ እኔ አደርስሃለሁ፤ ይህችን እንኳ ለሌላ ሰው አልሰጥም።

ሳይገባው የተወደደው፣
ሸዋንዳኝ ገብረየሱስ