ዥዋዥዌያችንን በብረት ለመተካት ላሰቡት ሊቀ መንበር

ወረታ፣ መጋቢት 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ገሰሰ የሻው፣ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም በየስብሰባው ስለ እኛ የሚደክመው ጉሮሮዎ ደኅና ነው? እኔ፣ ልጇን ሸኝታ ደጅ ደጁን የምታይ ሴት ጤና አላት ከተባለ፣ በጣም ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በኩል ሳልልክ በዋርካው ግንድ ላይ በእሾህ ወግቼ የሰቀልሁት ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በራፍዎ ላይ ያለው ዘብ የተቀበለውን ወረቀት ወዴት እንደሚያደርሰው ስለማላውቅ፣ እርስዎ ደግሞ ሰሞኑን ግንዱን በገመድ ሊለኩ ጠዋት ማታ ስለሚመላለሱ፣ ከዚህ የቀረበ አድራሻ ላገኝልዎ አልቻልሁም።

ማን እንደ ጻፈው ለማወቅ ሚሊሺያ ማሰማራት አያስፈልግዎትም፤ ስሜን ከታች አኖራለሁ። አባቴ መሪጌታ አድማሴ ለአገሬው አቤቱታ ሲጽፉ ከጎናቸው ጥጥ እየፈተልሁ እሰማ ስለ ነበር የአክብሮት ቃል አላጣሁም። ፊደሉን ግን ያስቆጠረኝ የእርስዎ መሠረተ ትምህርት ነው። ከትምህርቱ የቀረች ሴት ከማኅበሩ ሱቅ ጨውና ሳሙና እንዳትገዛ አዘው ስለ ነበር፣ ለጨው ብዬ ማንበብ፣ ለሳሙና ብዬ መጻፍ ቻልሁ። የምስክር ወረቀቱንም በገዛ እጅዎ ሰጥተውኛል። የድካምዎን ፍሬ በጽሑፍ ሲያዩት ደስ እንደሚልዎት እተማመናለሁ።

ጉዳዬ የዥዋዥዌው ነው። ባለፈው ስብሰባ፣ ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው እንኳ ውኃ የማይነካው ጉብታ ላይ የቆመው ዋርካ ተቆርጦ፣ በየፋሲካው የምንሰቅልበት የመጫኛ ዥዋዥዌ እንዲቀር፣ በምትኩም በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቀይ ቀለም የተቀባ የብረት ዥዋዥዌ እንዲተከልልን እየታሰበበት መሆኑን አበሰሩን። እኛም አጨበጨብን። ጭብጨባችንን ከልብ የመጣ አድርገው ወስደውት እንደሆነ ብዬ ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ፤ ነገርን በቁጥር መለየትን ከእርስዎ ንግግር ነው የተማርሁት።

አንደኛ፤ ኋላ ቀር ልማድ ነው ስላሉት።

ደብዳቤዬን ወደ በላይ አካል ያስተላልፉት እንደሆነ፣ ልማዱን የማያውቁ ባለሥልጣኖች እንዳይቸገሩ በአጭሩ ላስረዳ። ከትንሣኤው ማግስት ከማዕዶት ጀምሮ እስከ ዳግማዊ ትንሣኤ ድረስ፣ አያ ካሴ ከፎገራ በሬ ቆዳ የገመዱትን መጫኛ ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ያስራሉ። ወንድም ሴትም ይወጣል፤ ሴት ብትሆን፣ የሚገፋው ሰው "የልብሽን ጥሪ! ሳትጠሪ አትወርጂም!" እያለ ከፍ ያደርጋታል፤ እሷም በልቧ ያለውን አንድ ሰው ስም ጮኻ እስክትጠራ ድረስ አያወርዳትም። የሚጠራው የሕያው ሰው ስም ብቻ ነው። የሞተ ሰው ስም በዥዋዥዌ ላይ አይጠራም፤ ነፍሱ ካረፈችበት እንዳትታወክ ብለው አያቶቻችን ከልክለዋል። ባሌም ከሞተ ወዲህ ስሙ እዚያ ተጠርቶ አያውቅም። ልማዱ ይኸው ነው፤ ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም።

በዚህ ኋላ ቀር ነገር ከይፋግ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ሰው ነበር። በሌላው ቀን ከገበያው ዳር እንዲቀመጡ የሚደረጉት ሸክላ ሠሪዎች እንኳ በዥዋዥዌው ተራ ማንም አይቀድማቸውም ነበር፤ ይህም እርስዎ እኩልነትን ከማወጅዎ በፊት ነው። ቄሰ ገበዙ ሳይቀሩ በሩቁ ቆመው ማን ማንን እንደ ጠራ ይሰሙ ነበር፤ የግንቦቱን ሠርግ ቀድመው የሚያውቁት ከዚያ ነው። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ትዝ ይለኛል፤ እግሩ ቅጠሉን እስኪነካ ድረስ ተገፍቶ፣ ደሙ ፊቱ ላይ ወጥቶ፣ "ስንዱ!" ብሎ ሲጮህ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ያ ጎረምሳ ዛሬ ሊቀ መንበራችን ነው፤ ወይዘሮ ስንዱም ባለቤቱ ናቸው። ኋላ ቀርነቱን ራስዎ ቀምሰው ስላወቁት ይሆናል እኛን ሊያድኑን የተነሡት። እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፤ አደጋ ያደርሳል ስላሉት።

መጫኛው ተበጥሶ ሰው እንዳይጎዳ በማሰብዎ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ከዚያ ዥዋዥዌ ወድቆ ጥርሱ የረገፈ አለ፤ ክንዱ የወለቀም አለ፤ ወጌሻ መልሶ አቅንቶታል። ወጌሻ ሊመልሰው ያልቻለ ጉዳት የደረሰብን የዛሬ ሁለት ዓመት በማዕዶት ዕለት ብቻ ነው፤ እሱንም ያደረሰው መጫኛው አልነበረም። ጎረምሳው ከሌላው ቦታ ሁሉ ሸሽቶ ቢደበቅ እንኳ ከዥዋዥዌው እንደማይቀር የሚያውቅ አንድ ብልህ ሰው፣ የጭነት መኪናውን ከጉብታው ጀርባ አቁሞ ሚሊሺያውን በሜዳው ዙሪያ አስቀመጠ። ያ ሰው ማን እንደ ነበረ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል።

ልጄ አያልነህ በዚያች ሰዓት እጮኛውን አገኘሁሽን እየገፋ ነበር። እጆቹን ከመጫኛው አላቅቀው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። አገኘሁሽ አየር ላይ ነበረች። የሚያወርዳት ሰው ስላልቀረ ዥዋዥዌው በራሱ ጊዜ እስኪቆም ድረስ ወዲያና ወዲህ እያለች፣ መኪናው በአቧራ ውስጥ ሲርቅ ከላይ ሆና አየችው። እስከ ዛሬ አላገባችም፣ ሐዘንም አልተቀመጠችም፤ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራት ግራ ገብቶታል። ስለ ዥዋዥዌው አደጋ ለበላይ ሪፖርት ሲያደርጉ የእሷንም ነገር ጣል ቢያደርጉልን ደግ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ምትኩ።

የብረቱ ዥዋዥዌ ለሕጻናት ብቻ፣ በሥራ ሰዓት ብቻ፣ በፈቃድ ብቻ እንደሚሆን ሰምተናል። ወደ ግቢው የሚገባ ሰው ስሙን ለዘቡ አስመዝግቦ ነው የሚገባው። በዚያ ግቢ ስማቸው የተመዘገበ ልጆቻችን እስካሁን ተመልሰው ስላልመጡ፣ የተቀሩትን ሕጻናት ለመላክ ትንሽ ብንዘገይ ቅር እንዳይሰኙብን። ከዋርካው እንጨት የስብሰባ መድረክ ይሠራል መባሉም ደርሶናል። እስከ ዛሬ ከመሬት ሆነው ሲናገሩ እንኳ ድምፅዎ ከኛ አልራቀም ነበር፤ ከፍ ብለው ሊናገሩን ስላሰቡ ጆሯችንን አዘጋጅተን እንጠብቃለን።

አራተኛው የእኛ የእናቶች ነገር ነው። ስለዚህ ጨዋነቱን ጥቂት ቀነስ ባደርገው ይቅር ይበሉኝ።

ልጆቻችን ከሄዱ ወዲህ ዥዋዥዌው የእናቶች ሆኗል። የወለደች ሴት እዚያ ላይ መውጣቷ ድሮ ነውር ነበር፤ ነውሩን ረሳነው። ስለምንፈራ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዳችን የሌላችንን ትከሻ ይዘን እንወጣለን፤ የየልጆቻችንን ስም ጠርተን እንወርዳለን። ከእነሱ ወሬ አይመጣልንም። እርስዎን ስንጠይቅ ሁሉም በድል ላይ ድል እየተቀዳጀ ነው ይሉናል፤ ማን ቆሰለ፣ ማን ሞተ ብንል ጥያቄያችን የጠላት ወሬ ይሆናል። ልጄን ቤቴ ውስጥ ብጠራው ለቅሶ ይመስልብኛል። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስሙን ብሰጥ፣ ከሕያዋን ጋር ነው ወይስ ከሙታን ጋር የምናስበው ብለው ካህኑ ይጠይቁኛል። በዥዋዥዌው ላይ ግን የሚጠይቀኝ የለም። ከጠራሁት አለ ማለት ነው። በዓመት ውስጥ ልጅ እንዳለኝ የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እርስዎም ሊተኩት ያሰቡት ይህንኑ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ከጎረቤቴ ከወለተ ሐና ጋር ወጣሁ። ልጇ አለኸኝ ከአያልነህ ጋር በአንድ መኪና የተወሰደ ነው። አያ ካሴ ገፉን፤ "ጥሩ እንጂ እናንተ፣ የልባችሁን ጥሩ!" አሉን። እሷ አለኸኝ ስትል እኔም አያልነህ ስል፣ ሁለቱ ስም እኩል ወጣ። እርስዎ ጸጥታ ለማስከበር ከግንዱ አጠገብ ቆመው ነበር። በዚያች ቅጽበት፣ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ኮፍያዎን አወለቁ። ደረትዎ ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ወዲያው ራስዎን ያዝ አድርገው መልሰው ደፉት፤ እኔ ግን ከላይ ነበርሁና አየሁ። ወለተ ሐናም አየች።

ሙቀት ነው አልን። ላብ ነው፣ ዝንብ ነው አልን። ሞት ሲሰማ ኮፍያ እንደሚወልቅ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። እርስዎ የሚያውቁት፣ እኛ የማናውቀው ነገር አለ። ለየትኛው ስም እንዳወለቁት ግን ሁለታችንም አላወቅንም።

ከወለተ ሐና ጋር ቤታችን አጥር ለአጥር ነው፤ እሳት እንጫጫራለን፣ ጨው እንዋዋሳለን። ስወልድ እሷ ይዛኛለች፣ ስትወልድ እኔ ይዣታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ኮፍያው የወለቀው ለአለኸኝ እንዲሆን እመኛለሁ። እሷም ለአያልነህ እንዲሆን ትመኛለች። ተነጋግረንበት አናውቅም፤ ግን ጨው ስቀበላት ዓይኗን አላይም፣ እሷም የእኔን አታይም። ጎረቤታሞች አንዳቸው የሌላውን ልጅ ሞት የሚለምኑበት ዘመን ላይ ስላደረሱን ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት ቃል አጣሁ። ተናድጃለሁ። ከመናደዴ ይልቅ ደግሞ አፍሬያለሁ።

እንግዲህ ዛፉ የሚቆረጥበት ምክንያት ገብቶኛል። ያስጨነቀዎት መጫኛው አይደለም። ስም ሲጠራ እጅዎ ሳያስፈቅድዎ ወደ ኮፍያዎ እየሄደ ስላስቸገረዎት ነው። ይህም ሆኖ ክፉ ሰው ነዎት አልልም፤ ክፉ ሰው ኮፍያውን አያወልቅም ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ አንዲት ናት። በመጪው ማዕዶት እኔና ወለተ ሐና አብረን አንወጣም፤ እሷ ለብቻዋ፣ እኔም ለብቻዬ እንወጣለን። ወረቀት አንጠይቅዎትም፤ ማኅተም አንጠይቅዎትም፤ ምስጢር ጠብቅ መባልዎን ስለምንረዳ ቃልም አንጠይቅዎትም። ብቻ መጥተው እንደ አምናው ከግንዱ አጠገብ ይቁሙልን። አያልነህ ስል ኮፍያዎ ከራስዎ ላይ ከዋለ፣ ልጄን ከዓመት ዓመት ስጠራው እኖራለሁ። ካወለቁት ግን ሁለተኛ አልጠራውም። ወርጄ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ ወለተ ሐናም መጥታ አብራኝ ታለቅሳለች፤ አገኘሁሽም አልቅሳ ሲወጣላት ትዳሯን ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ዛፉን ከሥሩ ቢነቅሉት ከእኔ አንድ ቃል አይሰሙም።

የጾሙን ቀሪ ቀናት በጤና ፈጽመው ከወይዘሮ ስንዱና ከልጆችዎ ጋር፣ ማንም ሳይጎድልብዎ፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ለመፈሰክ ያብቃዎ እያልሁ፣ ስላስተማሩኝ ፊደልና ስላሳዩኝ ኮፍያ ያለኝን የማይለካ አክብሮት አቀርባለሁ።

እናኑ አድማሴ
የአያልነህ እናት፤ ነኝ ይሁን ነበርሁ፣ እርስዎ ያውቃሉ።

ማስታወሻ፤ ዋርካው ወፍራም ነው። የአያ ካሴ ጉልበት መጫኛ ለመግመድ እንጂ መጋዝ ለመሳብ አይበቃም፤ መጥረቢያ የሚያነሣ ጎረምሳ ደግሞ ቀበሌውን ቢያስሱ አያገኙም፤ ሁሉንም ራስዎ መርቀው ሸኝተዋቸዋል። በቅርቡ በድል ተመልሰው እንደሚገቡ በስብሰባ ላይ ስለ ነገሩን፣ መጥተው እስኪቆርጡልዎ ድረስ ዛፉን ቢያቆዩት ምን ይመስልዎታል? የማይመለስ ካለ ግን ከማዕዶት በፊት ይንገሩን፤ ማንን መጥራት መተው እንዳለብን እንድናውቅ።