ያለ ዕውቀቴ በስሜ ስለ ቀረበው ክስና ሳይከፈቱ ስለ ቆዩት ሁለት የልብ ደም ሥሮቼ

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሮቤ፣ አርሲ

ለጋለማ ራስ የልብ ሕክምና ማዕከል
የሥነ ምግባር ጉባኤ ሰብሳቢ
አሰላ

አመልካች፦ ሀብተ ማርያም ገብረ መድህን፣ የሮቤ ከተማ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ በስሜ የቀረበው ክስ ተሰርዞ ዶክተር ፅዮን በዛብህ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፤

በሮቤ ፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጬ ራፖር ጸሐፊ ሆኜ የሌላውን በደል ስጽፍ ጠጉሬ የሸበተ፣ ዕድሜዬም ወደ ሰማንያ ያዘነበለ ሽማግሌ ስሆን፣ ዛሬ ስለ ራሴ ብዕር ለማንሣት የተገደድሁት በደል ደርሶብኝ ሳይሆን በስሜ በሌላ ሰው ላይ በደል ስለ ደረሰ መሆኑን አስቀድሜ በትሕትና አስታውቃለሁ።

1. በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ ተመልሼ ደጃፌ ላይ እንደ ተቀመጥሁ፣ ደረቴን እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚጫን ሕመም ያዘኝ። ቤተሰቤ የጾም ጨጓራ ነው ብሎ ተልባ አጠጣኝ። ላብ አጥምቆኝ እግሬ ሲቀዘቅዝ ግን ልጄ እንደሻው ታቅፎ በጎረቤታችን በኦብሳ ሚኒባስ ውስጥ አስገባኝ፤ ኦብሳም የጫነውን ገበያተኛ አስወርዶ በዲክሲስ በኩል ወደ አሰላ ገሠገሠ።

2. ማዕከሉ ስደርስ የደም ግፊቴ እጅግ ወርዶ፣ ልቤ ለሰውነቴ የሚበቃ ደም መርጨት ተስኖት ነበር። ከሦስቱ የልብ ደም ሥሮቼ አንዱ ፈጽሞ ተደፍኖ፣ ሁለቱ ጠብበው ተገኙ። ዶክተር ፅዮን በእጅ አንጓዬ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ለሞት ያቀረበኝን አንዱን ብቻ ከፈቱ፤ የቀሩትን ለሌላ ቀን አቆዩ። ክሱ የሚለው፣ ሥራውን ከመንገድ አቋርጠው፣ ለቤተሰቡም ሳያስረዱ ተዉት ነው።

3. ሕሊናዬ ይመጣ ይሄድ እንደ ነበር አልክድም። ይሁን እንጂ ሐኪሟ የደም ሥሮቼን በምስል ካዩ በኋላ ልጄን ወደ በሩ ጠርተው ያሉትን፣ እኔ ራሴን ስቼ የተኛሁ መስዬአቸው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የደከመ ልብ ረጅም ሥራ እንደማይችል፣ ለምስሉ የሚረጨውም ቀለም ሲበዛ ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ ልቤ ካረፈ በኋላ የቀሩትን እንደሚሠሩ በዝርዝር ነገሩት። እርሱም፣ «አባቴን ሁለት ጊዜ አሳልፌ አልሰጥም፤ ሁሉንም በአንዴ ይጨርሱልኝ» አላቸው። እርሳቸውም፣ «ሁሉንም ዛሬ ከነካሁ ሁለተኛ ቀን አይኖራቸውም» ብለው መለሱለት።

4. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በአገራችን ልማድ ለታማሚ ክፉ አይነገርም። ቤቴ ከገባሁ በኋላም ሕመሜ ጨጓራ ሆኖ ቀረ፤ ጠያቂ ሁሉ በአጥሩ በር ላይ እየተመከረ ይገባ ነበር። በዚሁ መካከል እኅቴ በቀለች፣ ኋላ ራሷ እያለቀሰች እንዳጫወተችኝ፣ ልጄን በዘመድ ፊት፣ «አባትህን ሲሶውን አሳክመህ አመጣኸው?» ብላ ነካችው። ሌሎቹም ሣቁበት። አባቱን ታቅፎ ያዳነ ልጅ በሣቅ ተሸነፈ፤ ክሱም በእርሱ እጅ ተጻፈ፤ እኔም እንዳልደነግጥ ተብሎ በስሜ የሆነው ሁሉ ከእኔ ተሰወረ።

5. በቀጠሮዬ ቀን ማዕከሉ መጥቼ ሐኪሟን ብጠይቅ፣ ነርስ ጠይባ፣ «አባባ፣ የከሰሷቸው እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። መታገዳቸውን፣ ክሱም እስኪወሰን ሁለተኛው ሕክምናዬ መቋረጡን ያወቅሁት በዚያች ሰዓት ነው። እነሆ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቴ የምትወስደውን አጭር ዳገት እኩሌታዋ ላይ ቆሜ ሳላርፍ አልዘልቃትም።

6. ስለዚህ ጉባኤው፦
ሀ/ እኔ ያልፈረምሁትንና ያላዘዝሁትን ክስ እንዲሰርዝልኝ፤
ለ/ ምስክርነቴ የታማሚ ቅዠት ነው የሚባል እንደ ሆነ፣ ልጄ ባለበት ፊት ለፊት እንድጠየቅ እንዲፈቅድልኝ፤
ሐ/ ዶክተር ፅዮን ወደ ሥራቸው ተመልሰው የጀመሩትን እንዲፈጽሙ፣ ይህም የሚዘገይ ከሆነ ሕክምናዬ በሌላ ሐኪም እጅ ሳይውል ሳያድር እንዲቀጥል፤
መ/ በልጄ በእንደሻው ላይ ቅጣት እንዳይጣል፤ አመልካች በልጁ ቃል ላይ የሚመሰክረው እንዲፈረድበት አይደለምና።

ይህን አቤቱታ ከመላኬ በፊት ለልጄ አነበብሁለት። እንዲፈርምበት ብለምነው እስክሪብቶውን ጥቂት ይዞ ቆይቶ ሳይፈርም መለሰልኝ። ለነገሩ አልተቆጣሁም፤ ሚኒባሱን ጉባኤው ክሱን ለሚሰማበት ቀን የተከራየልኝ እርሱ ነውና። አንዲት ልመና ብቻ ልጨምር፦ ደግፎኝ ሲመጣ ዘበኞቹ ከሳሽ ነው ብለው በር ላይ አያቁሙት፤ ያለ እርሱ ደረጃውን አልወጣውም።

ጉባኤው እውነቱን ይመረምራል በሚል ተስፋ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

(ፊርማ)
ሀብተ ማርያም ገብረ መድህን

ግልባጭ፦
ለዶክተር ፅዮን በዛብህ
አሰላ
ለልጄ ለአቶ እንደሻው ሀብተ ማርያም
ሮቤ፣ እዚሁ ቤት