ከስሜ በፊት

ይድረስ ለምወድሽና ለምፈራሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን አታብዢ የተባልሽውን እንደማትሰሚ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መጠየቅ ወግ ነው። ሳሉስ ለቀቀሽ? ያ ውሻሽ አሁንም ፖስተኛ ያባርራል? ካባረረ ይህ ደብዳቤ የደረሰሽ በአጥር ተወርውሮ ነውና አፈሩን አራግፊው። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ናት፤ እግሯ ከማበጡ በቀር የሚያሰጋ ነገር የለም ብሏታል ሐኪሙ። ሆዷ ስለገፋ ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው በጎን ቆማ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ማታ ጠመኔ ለብሳ ትገባለች። ተማሪዎቿ ቲቸር፣ ሕፃኑ የጻፍሽውን ሁሉ አጠፋው እያሉ ይስቁባታል።

መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው፤ ለጎረቤት አንብቢልኝ ብለሽ እንዳትሰጪ። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትዪ ይሆናል። አንቺን በስልክ ተከራክሮ የረታ ሰው ገና አልተወለደም። እኔ እንደሆንኩ ድምፅሽን ስሰማ ከአፌ የሚወጣው እሺ እማዬ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጪኝ አትችዪም፤ እድሜ ልኬን የተመኘሁት ነገር ነው።

ጉዳዩ የስሙ ጉዳይ ነው።

የደወልሽ ቀን የመድኃኒት ቤቱን ታፔላ እየጻፍኩ መሰላል ላይ ነበርኩ። አንድ እጄ መሰላሉን፣ አንድ እጄ ብሩሹን ይዟል፤ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ አጣብቄዋለሁ። ወንድ ከሆነ ካሳ፣ ሴት ከሆነች ካሳነሽ ትባላለች፤ ጨርሻለሁ አልሽኝ። እኔም እሺ እማዬ አልኩሽ። እሺ ያልኩት እንዳልወድቅ ነው እንጂ አስቤበት አይደለም። ለባለቤቴም አልነገርኳትም፤ ገና ብዙ ወር አለ፣ እማዬም ትረሳዋለች ብዬ። አንቺ መርሳት! ምን ነካኝ?

አንቺ ለካ ለአክስቴ ነግረሻታል። አክስቴ ደግሞ መርፌና ክር እጇ ከገባ አታድርም። ባለፈው ወር የሕፃን አንሶላ ጠልፋ ይዛ መጣች። ነጭ፣ ዳር ዳሩ ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ በወፍራም ክር ካሳ የሚል። ባለቤቴ መጀመሪያ ዳሩን አየችና እጅሽ ይባረክ አለቻት። ከዚያ መሐሉን አነበበች። አክስቴ ገብቷት ነው መሰለኝ ሴት ከሆነች ነሽ የሚለውን እጨምርበታለሁ፣ ቦታ ትቻለሁ አለች። ባለቤቴ ወደኔ ዞረች።

እማዬ፣ ይህቺ ልጅ ስትቆጣ ድምጿ አይጨምርም፤ ይቀንሳል። ያን ሁሉ ልጅ ጸጥ የምታሰኘው በዚያ ድምፅ ነው። አክስቴን ሸኝተን ስንመለስ፣ ካሳ የሚከፈለው ለማን ነው አለችኝ። ከፋዩስ ማነው? ይሄ ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ማንን ገደለና ነው ካሳ የሚሆነው?

እኔ ላንቺ ተሟገትኩልሽ። እማዬ በክፋት አይደለም፣ ያለፈውን ዓመት ሐዘን እንዲክሰን ብላ ነው አልኳት። አቅፋው የነበረችው እሷ ናት፣ የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደ በማግስቱ የሄደው በእሷ እጅ ላይ ነው፣ የሷም አንጀት ተቃጥሏል አልኳት። ካሳ የሚባል ደግ ሰውም ሞልቷል፤ ያ አናጢው ጓደኛዬ ካሳ አይደል እንዴ አልኩ። አሁንም ድምጿን አልጨመረችም። ክፍሏ ውስጥ ማስረሻ የምትባል ተማሪ እንዳለች ነገረችኝ። የቤት ሥራ በረሳ ቁጥር ልጁ ሁሉ በማስረሻ ያሳብባል፤ አጠገቧ ስለተቀመጥኩ ነው የረሳሁት ይላል። አንድ ቀን ልጅቷ በዕረፍት ሰዓት መጣችና፣ ቲቸር፣ እኔ ግን ምንድነው የማስረሳው ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ ሰው ገና ሳይወለድ ሥራ አይቀጠርም፤ የኔ ልጅ የማንንም ሐዘን ሊጠርግ አይመጣም። ይህን ብላ ተኛች። እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እና ሌላ ስም ፍለጋ ገባን። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ያንቺ ሥራ የተገለጠው። ያወጣሽልኝ ስም ብቻውን ሲቆም ምንም አይልም፤ ከሌላ ስም ኋላ ሲሰለፍ ግን የፊተኛውን ያስረፍደዋል። ባለቤቴ ማታ ማታ ራት በልተን ስንጨርስ ስም ትጠራለች፤ ልክ በክፍሏ እንደምትጠራው፣ የልጁን ከአባቱ ጋር። ደስታ ዘገየ ትላለች። አቤት የሚል የለም፤ እንዴትስ ይኖራል! ተስፋ ዘገየ። ሰላም ዘገየ። ብርሃን ዘገየ ስትል መብራት የጠፋበት ሰፈር መሰለን። ፍቅር ዘገየ ላይ ስንደርስ እሷ ሳቋ ስላመለጣት ሆዷን ይዛ ተቀመጠች፤ እኔም በስሜ ተናድጄ ሳቅሁ። ምን በጎ ነገር አለና ቢዘገይ የሚያስደስት?

የታፔላዎቼን ብረት የሚበይድልኝ ጓደኛዬ ግን መላ አለኝ አለ። ሴት ከሆነች እርጅና በላት፤ እርጅና ዘገየ ስትባል የማይቀናባት ሴት አትኖርም። ለባለቤቴ ብነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ከፍ አደረገች።

እንዲህ ስናነሳ ስንጥል ከረምን። እኔ አንድ ስም ሳመጣ እሷ ታጣጥላለች፣ እሷ ስታመጣ እኔ። በመጨረሻ ተኳረፍን ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ገበታው ላይ ክርኗን አስደግፋ ጠበቀችኝ። ያልተስማማነው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል አለች። ለሚመጣው ስናወጣ የሄደው ሳይጠራ ቀርቷል። ወንድሙ ስም አጥቶ ይሄ እንዴት ስም ይኖረዋል? ሕፃኑ፣ ልጁ፣ ያኛው፣ የባለፈው እያልን ዓመት ሞላን። ስም የሌለው ልጅ ነው ምትክ የሚፈለግለት። የራሱ ስም ካለው የራሱ ሰው ነው፤ ማንም አይተካውም፣ ማንም አይክሰውም። አንተ አባቱ ነህ፤ አውጣለት አለችኝ።

እማዬ፣ ይህንም ልጻፈው። ያን ቀን አስታወስኩ። ደህና ነው፣ ሂድ ሥራህን ጨርስ ብለሽኝ ወጣሁ፣ ደውለሽ ስትጠሪኝ ሮጥኩ፣ ስደርስ በነጠላሽ ሸፍነሽዋል። አፌ ላይ የመጣው አንድ ቃል ነው። ፈጠነ አልኩ። ሚስቴ ቀስ ብላ ከኔ ስም ጋር ጠራችው። ፈጠነ ዘገየ። የሱና የኔ ታሪክ እንዳለ ይሄው ነው፤ እሱ ፈጠነ፣ አባቱ ዘገየ። አለቀስን። አንድ ዓመት ሙሉ ተደባብቀን ስናለቅስ ከርመን ያን ቀን ገና አብረን አለቀስን፣ እማዬ። ስም መጣፈጡንም ማማሩንም እንጃ፤ ሲገጥም ግን አጥንት ድረስ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልጅ ስም ጊዜ አልወሰደብንም። ባለቤቴ ማለዳ አለች። ልጁ የሚነቃው ማለዳ ነው፤ እሷ ለትምህርት ቤት ስትለባብስ እሱ ይንፈራገጣል፣ ቀን ይተኛል። ከዚህ ሌላ ስለሱ የምናውቀው ነገር የለም፤ የምናውቀውን ስም አደረግነው። ወንድ ቢሆንስ አልኳት። ወንድ ማለዳ አይነሳም ያለው ማነው፣ አባቱን አይቶ ካልሆነ አለችኝ። ተማሪ ማለዳ ዘገየ እያለ ይስቅበታል ብላትም፣ ይሳቁ፤ አንዴ ስቀው ይለምዱታል አለች። ይህ ሳቅ የራሱ ነው፣ የማንም ሐዘን የለበትም። በር ላይ ሆና ጮክ ብላ ጠራችው፣ በቁጣ ጠራችው፣ በማባበል ጠራችው። በሁሉም ያስኬዳል።

ስለዚህ ስሙ ማለዳ ነው። ካሳ አይደለም፣ ካሳነሽም አይደለም። እሺ እማዬ ያልኩትን አንስቻለሁ። አልለውጠውም፣ ሽማግሌም ብትልኪ አልለውጠውም። ካሳ ካልተባለ እግሬን አላነሳም ብለሽ ለአክስቴ መንገርሽን ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ያንቺን መምጣት እንደምትፈልግ ታውቂያለሽ፤ እናት የላትም፣ ያለሻት አንቺ ነሽ። ያለፈው ጊዜ እጇን ይዘሽ ያደርሽውን እስከዛሬ ታነሳዋለች። ትምጣልኝ፣ ስሙን ግን አልሰጣትም ነው ያለችኝ። ሁለቱንም እንደ ቃሏ ጽፌልሻለሁ። አልጋሽ ከመስኮቱ ስር ተነጥፏል፤ ደረጃ የለውም።

አሁን ደግሞ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ልንገርሽ።

ትናንት አክስቴ የአንሶላውን ጥልፍ ልትፈታ መጣች። እኛ አላዘዝናትም፤ ራሷ ናት ስሙ ከተለወጠ ልጁ በሰው ስም አይተኛም ያለችው። መስኮት ስር ተቀምጣ በመርፌ ጫፍ ክሩን ብድግ ብድግ ታደርጋለች። እኔ ብሩሾቼን አጥባለሁ። ሥራሽን አስፈታሁሽ፣ ይቅርታ አልኳት። ምን አለበት፣ ለእናትህ የጠለፍኩትንም በዚሁ እጄ ነው የፈታሁት አለችኝ። የኔን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ያንተንማ ተኝተህበት አድገሃል አለች። ከዚያ እጇ ቆመ። ክሩ አለቀ አለች፣ ለመፍታት ክር የሚያስፈልግ ይመስል። ነጠላዋን ለብሳ፣ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ወጣች። አንሶላው ላይ ግማሹ አሁንም አለ።

አክስቴን አትቆጪያት፣ አደራ። ልታወራ አልመጣችም፤ እጇ ሲሠራ አፏ አምልጧት ነው።

ስሜን ለምን እንዲህ አልሽኝ ብዬ በልጅነቴ ስጠይቅሽ፣ ምጡ ስለረዘመ ነው፣ ሁለት ቀን አንገላተኸኝ ትዪኝ ነበር። አምኜሽ ኖርኩ። ለሰውም በኩራት አወራሁት። ትናንት ማታ ግን ለባለቤቴ ነገሩን ስነግራት፣ ሰው የሚዘገየው ወይ ከቀጠሮው ነው፣ ወይ ቀድሞት ከደረሰ ሰው ነው አለችኝ። ያለፈው ዓመት ሁላችንም ስንጮህ አንቺ ብቻ ሳትጮሂ ልጁን እንዴት እንደምትጠቀልዪው፣ ዓይኑን እንዴት እንደምትከድኚው ማወቅሽ ትዝ አለኝ። ያኔ እናቴ ጠንካራ ናት ብዬ ነበር ያለፍኩት።

እማዬ፣ እንድትነግሪኝ አላስገድድሽም። ሰው የቀበረውን በግድ አያወጣም። ግን ያ ከኔ የቀደመው ልጅ ስም ካለው ንገሪን፤ ባለቤቴ ከፈጠነ ጋር አብራ ትጠራዋለች፣ እኔም እጠራዋለሁ። ስም ከሌለው ደግሞ ነይና እዚህ ሆነን እናውጣለት። የኔን ስም በማውጣት አልተሳካልሽም ብዬ ስለሳቅሁብሽ አትቀየሚኝ፤ የዚህን እኛ እናግዝሻለን። ስትመጪ ካሳውን እዚያው ትተሽው ነይ። አንቺም ብትሆኚ የተቀበልሽ አይመስለኝም።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ። የልጅ ልጅሽን በስሙ ጠርተሽ አቤት ሲልሽ ለመስማት ያብቃሽ። ባለቤቴ እጅ ነስታለች፤ ሆዷም ይህን ስጽፍ እየተንፈራገጠ ሰላም ብሎሻል።

ልጅሽ፤
ስንተኛ እንደሆንኩ ግን አንቺ ነሽ የምታውቂው።