ከዓሣ እስከ ላም ልብ ሲከፍቱ የኖሩት የጋሽ ጠርሙስ የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ጠርሙስ ከሥጋ ሻጭ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ የዛሬ ሰባ አራት ዓመት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። ይህን ስም ያወጡላቸው ኋላ የሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲሆኑ ቤተሰቡም ወዶ ተቀብሎታል። ስሙን ሰምተው ጠጪ የመሰሏቸው ነበሩ፤ እሳቸው ግን ከሻይ ያለፈ ነገር ቀምሰው አያውቁም።

ገና በስድስት ዓመታቸው አባታቸው የላም ልብ ሲሰነጥቁ አይተው ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ክፍል ቆጠሩ። በማግሥቱ እናታቸው የገዙትን ዓሣ ልብ ከፍተው አንድ ከላይ አንድ ከታች ብቻ ቢያገኙ፣ ዓሣ ሻጩ ግማሹን አስቀርቶባችኋል ብለው ቤቱን አመሱት።

ትምህርታቸውን እስከ ሁለተኛ ደረጃ በሰፈራቸው ተከታትለው፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳያመጡ ቀሩ። በሃያ ዓመታቸው ግን እዚያው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ክፍል በጽዳት ሠራተኛነት ገቡ። ከአራት ዓመት በኋላ የቤተ ሙከራ ረዳት ሆነው፣ ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያችን ናሙና እንዳይበሰብስ የሚነከርበትን ፎርማሊን የምትሸት ክፍል አልለቀቁም።

በክፍሏ ውስጥ ያለውን ባለ ደረጃ መደርደሪያ ያደራጁት እሳቸው ናቸው። ልቦቹ በየጠርሙሳቸው ሆነው፣ ከታች ባለ ሁለት ክፍሉ የዓሣ ልብ፣ በላዩ ባለ ሦስቱ የእንቁራሪት፣ ቀጥሎ ታችኛው ክፍሉ በከፊል ብቻ የተከለለው የእንሽላሊት፣ ከዚያ አራት የሞላላቸው የአዞ፣ የዶሮና የላም። በእንሽላሊቱ ጠርሙስ ላይ «ገና ያላለቀ» ብለው ጽፈውበት ነበር። የዶሮ እንቁላል ማሞቂያ ሣጥንም ነበራቸው። እንቁላሉን በተራ እየከፈቱ፣ በሁለተኛው ቀን አንዲት ቱቦ መምታት ስትጀምር፣ ቀጥላ ስትጠማዘዝ፣ በስምንተኛው ቀን ግድም ታችኛዎቹን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ሲዘጋ ለተማሪ ያሳዩ ነበር።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የስልክ ኦፕሬተር የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ሴቷ ሦስት ዓመት ሲሆናት በልቧ የታች ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ተገኘባት። ሐኪሙ ትንሽ ቀዳዳ በራሱ ሊደፈን እንደሚችል፣ የእሷ ግን ሰፊ በመሆኑ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ነገራቸው። ጋሽ ጠርሙስ አሻፈረኝ አሉ። ሦስት ሺህ እንቁላል ከፍቻለሁ፣ ግድግዳው ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይጠበቅ አሉ። ባለቤታቸው «እኔ ጫጩት አልወለድኩም» ቢሏቸውም አልሰሙም። በዚህ ክርክር ሁለት ዓመት አለፈ፤ ልጅቷ ሦስት ደረጃ ወጥታ ቁጭ ትል ጀመር። በመጨረሻ ባለቤታቸው አንድ ሰኞ ጧት ልጃቸውን አዝለው ሆስፒታል ሄዱ፤ የፈቃዱንም ወረቀት ብቻቸውን ፈረሙ። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ሐኪሙ ሌላ አንድ ዓመት ቢቆይ ኖሮ ሳንባዋ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበት እንደነበር ለጋሽ ጠርሙስ ነገራቸው።

ከዚያ ወደ ሥራ በተመለሱ ዕለት በእንሽላሊቱ ጠርሙስ ላይ የጻፉትን ፍቀው አነሱ፤ ጠርሙሶቹንም ከደረጃው አውርደው በአንድ ረድፍ ደረደሩ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪ ሁሉ ሲያስረዱ የኖሩት፣ እንቁራሪት በቆዳዋም ስለምትተነፍስ ሦስት ክፍል እንደሚበቃት፣ እንሽላሊት ላም ለመሆን ተራ እየጠበቀች እንዳልሆነ፣ ወፍና ላምም አራት ክፍል ላይ የደረሱት አንዱ ከሌላው ሳይኮርጅ በየራሱ መንገድ እንደሆነ ነው። የልጃቸውን ነገር ግን ቤት ውስጥ አንድም ቀን አላነሱም።

ባለፉት ሁለት ዓመታት የራሳቸው ልብ እየደከመ ሄደ። ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት ሴት ልጃቸውን አስጠርተው፣ ታሪካቸው ሲጻፍ ያ ሁለት ዓመት እንዳይዘለል አደራ አሏት። ለቀብር የሚሆን ነገር አይደለም ብላ ተከራከረች። «ሌላው ቢቀር ይቅር፣ እሱ ይነበብ» አሏት። «ቢላውን ፈርቼ ነው። እንቁላሉን ያመካኘሁት ፈርቼ ነው።» ወንድሟ ከጽሑፉ ይውጣ ብሎ ነበር፤ እናቷ ግን ያሉት ይፈጸም አሉ።

ጋሽ ጠርሙስ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ይህን ጽፋ አሁን በፊታችሁ የምታነበው ያችው ልጃቸው ናት። አባቷን ተቀይማ አታውቅም። ይህንኑ ያን ዕለት በአልጋቸው አጠገብ ልትነግራቸው አስባ፣ ትንሽ ሲሻላቸው ብላ አቆየችው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዕረፍት ይቀበል፤ እሷ ያልነገረቻቸውንም እሱ ይንገርላት።