ሌንሱ አይፈታም ብዬህ ነበር

ይድረስ ለልጄ።

እንዴት ከርመሃል? ሚስትህስ ደህና ናት? የጀርባህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ይህን የምጠይቅህ መጠየቅ ስላለብኝ ነው። እኔ ልጀምር የነበረው ከስድቡ ነው፤ ጸሐፊዋ ግን ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላል ብላ እምቢ አለችኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው። ጆሮዬም መስማት የሚፈልገውን ይሰማል። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ።

በስልክ ያልነገርኩህ፣ ቁጣ ስጀምር ኔትወርክ የለም እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው። ወረቀት አይዘጋም። ደግሞ ቁጭ ብለህ አንብበው፤ በር ላይ ቆመህ የምታነበው አይደለም።

ካሜራዬን ማን ፈቀደልህ? ልትጠይቀኝ መጣህ፣ ምሳ በላህ፣ እኔ ጋደም ስል ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንስተህ ይዘህ ሄድክ። ስነቃ የማሳርፍበት ትራስ ብቻ ነው የቀረኝ። ስደውልልህ፣ አባዬ፣ ጓደኛዬ ካሜራው ተበላሽቶበት ሠርግ ሊያነሳበት ነው፣ ባለሙያ ነው፣ አትስጋ አልከኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የነገርኩህ፤ ሌንሱ አይፈታም በለው አልኩህ። እሺ እሺ አልክ። እሺ እሺ ማለት አልሰማሁህም ማለት እንደሆነ የማላውቅ መሰለህ? አሳድጌሃለሁ እኮ።

ካሜራውን ስገዛ ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው ሌንሱ እየተፈታ ሌላ የሚገባለት ነው፤ ከነኮተቱ ቦርሳ ይሞላል። ሁለተኛው ይሄ ነው፤ ሲያዩት እንደዚያኛው ግዙፍ፣ መያዣው እጅ የሚሞላ፣ ሌንሱ ግን ከአካሉ ጋር አንድ የሆነ። አባት፣ ይሄ አይፈታም፤ ጉንዳኑንም ተራራውንም በዚሁ በአንዱ ነው የምታነሳው አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ሆኖ የተሠራ ነገር ደስ ይለኛል። ወሰድኩት። ማንበብ አልችልም፣ አፍሬበትም አላውቅም። ምልክቶቹን በዓይኔ ይዣቸዋለሁ፤ አበባዋ ለቅርብ ናት፣ ሯጩ ለሚንቀሳቀስ ነው። ዙሙን የምትስበዋን ምላስ ደግሞ ሳላይ በጣቴ አገኛታለሁ።

ያ ባለሙያህ ግን ግዙፍነቱን አይቶ እንደ ራሱ ካሜራ መሰለው። ሠርገኛው ቆሞ እየጠበቀው፣ ሰፋ ያለ ሌንስ ልግጠምበት ብሎ ጨብጦ ጠመዘዘው። አልፈታ ሲለው ጠብቆ ነው ብሎ ኃይል ጨመረበት። ይህን በስልክ የነገርከኝ አንተው ነህ፣ ያውም እየሳቅክ። ከዚያ ዓይኔን ላለማየት ለጥበቃው ሰጥተህልኝ ሄድክ። ድሮ ሳበራው ሌንሱ ዝዝ ብሎ እንደ ዔሊ አንገት ይወጣ ነበር። አሁን ክክክ ይልና ይቆማል። አጥፍተህ አብራው አልከኝ። ባትሪው እስኪያልቅ ሳጠፋና ሳበራ ዋልኩ።

ለሚስትህ፣ ሽማግሌ ካሜራ ምን ያደርግለታል ብለሃታል አሉ። ወፍ ነው የማነሳው ብያችሁ ነበር። ወፍም አነሳለሁ።

ከወንዙ ማዶ ባለው ቢጫ ፎቅ ላይ ግን ማን እንደሚኖር ታውቃለህ። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ስሟን አልጠራም ብያለሁ፤ ዛሬም አልጠራም። ባሏ እኔ ወርክሾፕ ሲሠራ ብየዳው አይዝም ብዬ ያባረርኩት ሰው ነው። ላዩን አሳምሮ ውስጡን ባዶ ይተወዋል። እኔ ከበሬ ሳስወጣው እሱ ልጄን ይዞ ወጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀምጣ መስኮት መስኮቱን ስታይ ቆይታለች። እንዳልኩት ጻፊ ብያታለሁ፤ ጽፋዋለች።

ጠዋት ጠዋት ካሜራውን ትራሱ ላይ አሳርፌ፣ ዓይኔን ከቀዳዳዋ አስጠግቼ ዙሙን እስከ ጥጉ እስበዋለሁ። በባዶ ዓይን የክብሪት ቀፎ የሚያህለው በረንዳ ፊቴ ድረስ ይመጣል። ሰማያዊው ባልዲ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ በሩ ላይ የተላጠው ቀለም። ልብስ ስታሰጣ አያታለሁ። መቆንጠጫውን በጥርሷ መያዟ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ እናቷንም ጥርስሽ ይሰበራል እላት ነበር፤ እሷም አልሰማችኝም። ትንሿ ልጇ ቀይ ሹራቧን ለብሳ ትወጣለች። የልጅቱን ስም እንኳ የነገረኝ የለም። አልጠየቅክም ትለኝ ይሆናል። አልጠየቅኩም።

አሁን ያየሁትን ስማ። የበረንዳው መከለያ ብረት በግራ በኩል ከግድግዳው የተያያዘበት ቦታ ላይ የዝገት መስመር ወርዶበታል። ከመጋጠሚያው ላይ ዝገት እንደዚያ ቀጥ ብሎ ከወረደ ብየዳው ተሰንጥቋል ማለት ነው። ደጋግሜ አነሳሁት፤ አጉልቼ አየሁት። ማን በየደው መሰለህ? ያው አማችህ ነው። የሱን እጅ የትም ባየው አልስተውም። ልጅቱ ደግሞ የታችኛውን ብረት ረግጣ በላይኛው ላይ ትንጠላጠላለች። የመጣህ ቀን ምሳ ላይ ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ አንተ ስለ መኪናህ ጎማ ወሬ ጀመርክ። እኔም አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ማያዬን ወስደህ ሰበርክብኝ።

ከተሰበረ በኋላ መስኮቱ ላይ ቆሜ የማየው ቀይ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። የተሰጣ ሹራብ ነው ወይስ ልጅቱ ናት? ገመዱ ላይ ነው ወይስ ብረቱ ላይ? ዓይኔን ባሸው፣ ጨፍኜ ብከፍተው፣ ያው ቀይ ነጠብጣብ ነው። ነፋስ ሲያወዛውዘው የመስኮቱን ደፍ እጨብጣለሁ። ይህን ላንተ አልመኝልህም። ለጓደኛህ ግን እመኝለታለሁ።

ስለዚህ ሄድኩ። በዚሁ ጉልበቴ። የብየዳ መነጽሬን ኪሴ ከትቼ ደረጃውን ወረድኩ፣ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ የነሱን ደረጃ ደግሞ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዝኩ ወጣሁ። ሰላም ልላቸው አልሄድኩም። በሩን ስትከፍትልኝ፣ ብረቱ የታለ አልኳት። መንገድ ለቀቀችልኝ። ብረቱን ስገፋው እንደ ወተት ጥርስ ተነቃነቀ። ባልየውን ጠራሁትና፣ ይሄን ያየ ሰው ያባርርሃል ወይስ አያባርርህም አልኩት። ያባርረኛል ጋሼ አለኝ። ጋሼ አትበለኝ አልኩት። እሺ ጋሼ አለ። ይሄው፣ ጸሐፊዋ እየሳቀች ነው። ሳቋን አትጻፊ ብያት ነበር።

የብየዳ ማሽኑን አወጣ። መያዣውን ተቀብዬው ልበይድ ብል፣ ኤሌክትሮዱ፣ ያ የሚቀልጠው ዘንግ፣ ከብረቱ ይልቅ አየሩን ይነካል። በረንዳው ጠባብ ነው፣ ያስቸግራል። እሱ ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደው። እኔ ከኋላው ቆሜ፣ አትቸኩል፣ ሥሩ ድረስ አስገባው፣ ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለልጅህ ብለህ አስገባው እያልኩ ስጮህበት በየደው። ሲቀዘቅዝ በሙሉ ክብደቴ ተደገፍኩት። ያዘ። እጁ ተሻሽሏል። አልነገርኩትም፤ አንተም እንዳትነግረው።

ትንሿን እስክንጨርስ ክፍል ውስጥ ዘግተንባት ነበር። ስትለቀቅ መጥታ እግሬ ሥር ቆመችና፣ አንተ ማነህ ሳትለኝ፣ ማዶ ያለው ብልጭልጭ ለምን ቀረ ብላ ጠየቀችኝ። የምን ብልጭልጭ አልኳት። በጣቷ የኔን መስኮት አሳየችኝ። ጠዋት ጠዋት እዚያ እንደ መስታወት የሚያበራ ነገር ነበረ፤ እሷም ብረቱ ላይ ወጥታ እጇን ታወዛውዝለት ነበር፤ ከጠፋ ወዲህ ይበልጥ ከፍ ብላ ብትፈልገውም አላገኘችውም። ፀሐይ ሌንሱ ላይ ስታርፍ ከማዶ ምን እንደምትመስል አስቤው አላውቅም። ይሄም ይሄም ያንተ ጥፋት ነው፤ በስምህ ይያዝልህ።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። የነሱ በረንዳ ፀሐይ የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት በጥላ ልብስ የሚሰጣበት ምክንያት የለም። እሷ ደግሞ ሥራ አዋቂ ናት፣ እናቷ ያስተማረቻት ናት። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። ይህንንም ስትጽፍ ቀና አላለችም።

የእጅ ጽሑፉን ለይተኸው ከሆነ፣ አዎ፣ ያኔ የቤት ሥራህን ትሠራልህ የነበረችው እጅ ናት። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ይቅርታ አልተባባልንም፤ ያልኩትን ብያለሁ፣ አልመለስበትም፤ እሷም አትመለስም፣ ልጄ ናት። ጉልበቴ ያን ሁሉ ደረጃ እንደገና እስኪወርድ እዚህ ነኝ። ሶፋቸው ጠንካራ ነው። ባልየው ያንኮራፋል።

ካሜራው ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ አለ። ካሜራ ለሚያውቅ ሰው ሰጥተህ አሠራው፤ ያ ጓደኛህ በአጠገቡ እንዳያልፍ። ተሠርቶ ሲመለስ ወዲህ አታምጣው። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳታልፍ፣ ሌንሱን ወደ ማዶ አዙረህ መስኮቱ ላይ አስቀምጠው። እኛ ከዚህ እናየዋለን።

ቁጣዬ አልበረደም፤ ቃሌ ለስለስ ያለ መስሎህ እንዳትታለል። ፈጣሪ ጀርባህን ይጠግንልህ። ቤትህን ይባርክልህ። እጅህን ከሰው ዕቃ ይሰብስብልህ።

ፊርማ የለኝም፤ ከታች ያለው አውራ ጣቴ ነው። ቀለሙ እንዳይዝረከረክ እጄን ይዛ ወረቀቱ ላይ ያሳረፈችው ጸሐፊዋ ናት። በቃ ለቀቅ አድርጊው፣ ደርቋል ብላት፣ ገና ነው አለችኝ።

አባትህ